ሩዝ ወቀጣ በፈረስ መጋላ

ኅዳር 4
ኤልሳቤጥ ስኳር ግዛ ብላ ላከችኝ። ፈረስ መጋላ ስደርስ ከጫማ ቤቱ ጎን አዲስ ጌም ቤት ተከፍቷል። ከውስጥ ዱም፣ ዱም... ዱም። እግሬ ቆመ። የፖሊስ ማርሽ ባንድ ከበሮ መቺ የነበረ ሰው ምት ሲዛባ ያመዋል፤ ይሄ ግን ቅንጣት አልተዛባም። ማን ነው የሚመታው ብዬ አንገቴን አሰገግኩ። ቴሌቪዥን ነው!

ስኳሩን ሳልገዛ ተመለስኩ። ሚስቴ ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፈውም።

ኅዳር 6
ገባሁ። ያፈርኩት በሩ ላይ ብቻ ነው።

ባለቤቱ ነስሮ ይባላል፤ ጨዋ የሐረሪ ልጅ። ጌሙ የጃፓን ነው። መተኳኮስ የለ፣ ኳስ የለ። ትንንሽ ጨዋታዎች ናቸው። እንቁራሪቶች በመዘምራን ወግ ተሰልፈው ይዘምራሉ፤ አንዷ እኔ ነኝ፤ ተራዬ ሲደርስ አፌን መክፈት አለብኝ። አንዲት ቁልፍ ናት ያለችው። በልኩ ከመታህ እንቁራሪቷ ትዘምራለች፤ ከሳትክ ሁሉም ዞረው ያፈጡብሃል። እንዲህ ያለ ነገር ያሰበ ሰው ራሱ ሰልፍ ላይ ተሳስቶ ያውቃል።

«ጋሽ ሥራዬ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለኝ ነስሮ።
«ከበሮ ተቀምጦ አይመታም።»
ግራ እግሬ ወለሉን ካልመታ እጄ አይታዘዘኝም፤ በባንድ ያደገ ሰው እንዲህ ነው። ወለሉ ላይ የነበረውን የመብራት ማከፋፈያ ረገጥኩት። ቴሌቪዥኑ ድርግም። ተራ የሚጠብቁት ጎረምሶች በሣቅ ፈረሱ። ነስሮ ብቻ «አብሽር፣ ምንም አይደል» አለ።

ኅዳር 9
ሩዝ ወቀጣው ላይ ደረስኩ። ባልና ሚስት ናቸው። ባል በትልቅ የእንጨት መዶሻ ይወቅጣል፤ ሚስት በምትና በምት መካከል እጇን ሰደድ አድርጋ ሩዙን ታገላብጣለች። ባል እኔ ነኝ። ጃፓኖች እውነትም እንዲህ አድርገው ነው የሚወቅጡት አለ ነስሮ። ምን ዓይነት መተማመን ነው? ትንሽ ብትቀድም ወይ ብትዘገይ የሰው እጅ ነው።

መሀል ላይ ከሩዙ እንፋሎት ይነሣና ስክሪኑን ይሸፍነዋል። ነጭ ብቻ። በዚያ ውስጥ መምታት አለብህ።

ኅዳር 10
የሴትዮዋን እጅ መታሁት። ደጋግሜ።

ኅዳር 12
ቴሌቪዥኑ ነው የሚዘገየው አልኩት ነስሮን። አልተከራከረኝም። ጌሙ ሥዕሉንና ድምፁን የሚያስተካክሉበት ቦታ አለው፤ ገብቶ በልኩ አደረገው። ሠሪዎቹ ይህንንም አስበውበታል! ተጫወትኩ። መታኋት።

ሳዝን ጊዜ ስልኩ ላይ የሠሪዎቹን አለቃ ሲናገር አሳየኝ። ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ ነው። ነስሮ ከሥር የተጻፈውን እያነበበ ተረጎመልኝ። መጀመሪያ የሠሩት ወቀጣ በሒሳብ ልክ ነበር አሉ፤ ሆኖም ሞቶባቸው ቀረ። ስለዚህ እውነተኛ ወቃጮች ቢሮ ድረስ አስመጡ። ሠራተኞቹ ሥዕል ከመሣላቸው በፊት ራሳቸው መዶሻ አንሥተው ወቀጡ። ያኔ ገባቸው... ወቃጩ የሚከተለው መዶሻውን ሳይሆን፣ ከምቱ በፊት ያለችውን የገላባጯን ትንፋሽ ነው።

ይህን ሰውዬ ባንዳችን ውስጥ ባገኘው ኖሮ! እኛ ስንት ዘመን ዱላ ስናስተካክል ኖርን።

ኅዳር 15
ነስሮ ዓይኑን ጨፍኖ ተጫወተው። ጨፍኖ! አንድ አልሳተም።
«እንዴት አድርገህ ነው?»
«ድምፅዋን ብቻ ይከተሉ።»
«የምን ድምፅ?»
«ሴትዮዋ እኮ ‹ሃይ› ትላለች ጋሽ ሥራዬ። ከእያንዳንዱ ምት በፊት።»
«እህ... እሷን ነው? ሰምቻታለሁ» አልኩ።

አልሰማኋትም። አንድም ቀን። ዱም የሚለው ደረቴ ድረስ ይሰማኛል። ሃይ የምትለዋ ግን የለችም። ከበሮ መቺ ጆሮውን ካጣ ምን ቀረው? ሌላ ምን ነበርኩ? ለኤልሳቤጥ አልነግራትም።

ኅዳር 16
አልሄድኩም። ራሴን አሞኛል አልኳት።

ኅዳር 19
ፈላና በር ላይ ባጃጅ ሊገጨኝ ነበር። ኤልሳቤጥ ኮቴን ይዛ ጎተተችኝ።
«ጡሩምባውን ነፋ እኮ!»
«ሐሳብ ይዞኝ ነው።»
አላመነችም። እጄን አልለቀቀችም፤ እስከ ቤት።

ኅዳር 23
ዛሬ ተከትላኝ መጣች። «ይሄ የሚያጠፋህ ነገር ምን እንደሆነ ልየው» ብላ። ነስሮ ወንበሩን ለቀቀላት፤ እኔም ለእሷ ስል ተቀመጥኩ። ጌሙ ለሁለት ሰው የሚሆን አለው፤ እሷ ገላባጭ፣ እኔ ወቃጭ።

እንፋሎቱ መጣ። እጅዋን መታሁት። «ድጋሚ» አለች። መታሁት። ጎረምሶቹ ሣቁ። እሷ ስክሪኑን ትታ እኔን ታያለች።
«ሥራዬ፣ ሴትዮዋን አትሰማትም አይደል?»
ልሸሽ ብል በሩ ሩቅ ነው...
«አልሰማትም።»
«ከመቼ ጀምሮ?»
«እኔ እንጃ ኤልሳ።»

ወንበሯን አስጠግታ ትከሻዋን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። «እኔና እህቴ በርበሬ ስንወቅጥ አፍና አፍንጫችን በነጠላ ታስሮ ነው። ማን ሊያወራ? በትከሻ ነው የምንግባባው። በል።»

ሁሉ ነገር ነጭ ሆነ። ገፋ አደረገችኝ፣ መታሁ። ገፋ... መታሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ገፋ... መታሁ። ስከፍተው እንፋሎቱ ተገልጧል፤ ሴትዮዋ እጇ ደህና ነው፤ ከባሏ ጋር ይስቃሉ። ነስሮ «ማሻአላህ!» ብሎ ዘለለ።

አለቀስኩ። በሰው ፊት። ኤልሳቤጥ ነጠላዋን ሰጠችኝ፤ «ነገ ሐኪም ዘንድ ነን» አለች።

ታኅሣሥ 3
የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ ያገኘነው ለዛሬ ነው። ሐኪሟ ወጣት ናት። ወፍራም ድምፅ ይሰማዎታል፣ ቀጭኑ ነው የሄደው አለችኝ። «ከጡሩምባና ከከበሮ አጠገብ ብዙ ቆመዋል?» ዕድሜዬን በሙሉ አልኳት። የሄደው አይመለስም። የመስሚያ መርጃ ታዘዘልኝ። ድሮ ቢሆን የሽማግሌ ዕቃ ብዬ እምቢ እል ነበር። አሁን መቼ ይመጣል እያልኩ ነው።

ታኅሣሥ 14
መርጃውን ጠዋት ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ዓለም ምን ያህል ትንጫጫለች! ጫማዬ ይንቋቋል። የቤቱ በር ይጮኻል፤ ዘይት ያስፈልገዋል።

ነስሮ ጋ ሄድኩ። እንቁራሪቶቹን ሳላይ በቀጥታ ወደ ወቀጣው። «ሃይ!» ቀጭን፣ ትንሽዬ፣ ትንፋሽ ይቀድማታል። ይህን ሁሉ ቀን ስትጣራ የነበረችው ይህች ናት? አለቃው ልክ ነው፤ ጨዋታው ያለው እሷ ውስጥ ነው። ብቻዬን እንፋሎቱ ውስጥ ገባሁ፤ ብቻዬን ወጣሁ። እዚያ ጃፓን ላሉት ሁሉ እግዜር ይስጣቸው።

ቤት ስገባ ኤልሳቤጥ ጓሮ ዕቃ ታጥባለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ። ልብስ ልቀይር ስል፣ «ሥራዬ» አለች። ጮክ ሳትል። ለራሷ እንደምታወራ።
«አቤት» አልኩ።
ውኃው ቆመ።
«አቤት ኤልሳ። ምን ፈለግሽ?»
«ምንም።»
ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አድርጋ፣ ደግሞ ጠራችኝ።