ሰባት ቤት ያልተቆጠረላቸው ድኩላዎች

አባባ፣ ደጉ አባቴ፣

ከተለዩን ሦስት ክረምት አለፈ። እማዬ ደኅና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ያስቸግራታል። የቤቱ ቆርቆሮ ተቀይሯል። ጋቢዎ ግን እስካሁን መደቡ ላይ ነው፤ ደፍሮ ያነሣው የለም።

ልነግርዎ የፈራሁት የድኩላዎቹን ነገር ነው። አምና ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ሰዎች ከደብራችን ደን የድኩላ በጠጥ ለዘር ምርመራ ሲለቅሙ መንገድ የመራኋቸው እኔ ነኝ። ከወንዙ ማዶ ካለው ደብር ደንም ለቀምን። የቄስ ልጅ በጠጥ ለቃሚ ሆነች ተብሎ ደብረ ኤልያስ ገበያ ድረስ ተሳቀብኝ። ዘንድሮ ውጤቱን ይዘው ተመለሱ። የማዶዎቹ ዘረመል ከእኛዎቹ ይለያል፤ የእኛዎቹ ግን የአንድ እናት ልጆች ያህል ይመሳሰላሉ። የውጭ ዘር ካልገባባቸው እየደከሙ ያልቃሉ አሉን።

እርስዎ ከምእመኑ ይልቅ ቅዳሴ የማያስታጉሉት ድኩላዎቹ ናቸው እያሉ ይቀልዱ ነበር። ደኑን የከበበውን ያን ረጅም ካብ ሰዉን አስተባብረው የካቡት ከብት እንዳይገባ፣ ለእነሱና ለዛፎቹ ብለው ነው። ድንጋይ ሳቀብልዎ እጅዎ እየደማ ይስቁ ነበር። ደኑ ተረፈ። ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁጥቋጧማ ሸለቆ ግን ከካቡ ውጭ ቀረ፤ ድኩላዎቹም መሻገሪያ አጡ።

እውነቱን ልናገርና፣ ይህን ስሰማ ተናደድሁብዎ። የሉማሜው መምህር ሽማግሌ ሲልክ እስከ ሰባት ቤት ዘመድ አይጋባም ብለው፣ በጣትዎ ቆጥረው፣ ስድስተኛው ቤት ላይ የመለሱት እርስዎ ነዎት። ለአንድ ቤት ብለው እኔን ከለከሉ፤ ድኩላዎቹን ግን ወንድምና እኅት ብቻ ባሉበት አጠሯቸው። እሱ አግብቶ ወልዷል። እኔ እዚሁ ነኝ።

ኋላ ደግሞ አለቀስሁ። ሳያውቁ ነዋ ያደረጉት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካቡ በሸለቆው በኩል ይከፈት ብዬ ለሰበካ ጉባኤው ልናገር ነው። ከብቱን በተራ እንመልሳለን ብልም ሽማግሌዎቹ ከወዲሁ የአባቷን ሥራ ልታፈርስ ነው እያሉ ያሙኛል። ሐሜቱስ ይሁን። የምፈራው እሺ ያሉኝ እንደሆነ ነው፤ የመጀመሪያውን ድንጋይ የማነሣው እኔ ነኝ፣ የትኛውን በእጅዎ እንዳስቀመጡትም አውቃለሁ።

ድንጋዮቹን የትም አልጥላቸውም፣ አባባ። አንድ በአንድ ተሸክሜ መቃብርዎ ዙሪያ እክባቸዋለሁ። በዚያ ክፍተት የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቢጠይቀኝ፣ ካቡን የካቡት አባቴ ናቸው እለዋለሁ፤ ሰባት ቤት መቁጠር ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

ልጅዎ