ማዶ ሆነው ያደነቁት ሕንፃ፦ የፕሮፌሰር ኦታቪዮ ብሩስኬሊ የሕይወት ታሪክ

ፕሮፌሰር ኦታቪዮ ብሩስኬሊ ከአባታቸው ከሲኞር ጉይዶና ከእናታቸው ከሲኞራ ኢርማ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1956 ጣሊያን አገር ፌራራ ከተማ ተወለዱ። ጎረቤቶቼ፣ እኔ አማታቸው አልታየሽ ነኝ። በሁለት ዓመት ብቻ ነው የምበልጣቸው፤ ያማችሁትን ሁሉ ሰምቻለሁ።

በአገራቸው የሥነ ጥበብ ታሪክ ተምረው ዶክተር ከተባሉ በኋላ በ1985 ለንደን መጡ። ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ጋዜጣ ላይ ስለ ሕንፃ ይጽፉ ነበር። ግንበኛ አይደሉም፤ ሌላው የገነባውን አይተው ይሄ አምሯል፣ ያ አስጠልቷል ይላሉ። እኛ ሰፈር ይሄንን ሁሉም በነጻ ነው የሚሠራው፤ እሳቸው ግን ደመወዝ ነበራቸው።

በ1999 የሰፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ ለንደን ሆሎዌይ ያለውን ብሎካችንን አፍርሶ ለሁላችንም አዲስ ቤት ሊሰጠን ነበር። ሻንጣ የሸከፍንም ነበርን። ፕሮፌሰሩ ግን ይሄ ሲሚንቶ ድንቅ ጥበብ ነው፣ ማንም እንዳይነካው ብለው ጻፉ። ተሰሙም፤ ሕንፃው ሊስትድ ተደርጎ፣ ቅርስ ነው ተብሎ፣ ማፍረስ ተከለከለ። እኛም ከነሻጋታችን ቀረን።

ስብሰባ ጠርተን አስመጣናቸው። ልጄ ፀሐይወርቅ ተነሥታ፣ «ፕሮፌሰር፣ ለመሆኑ ውስጡን አይተውታል?» አለቻቸው። ለካ ማዶ ካለው ካፌ ተቀምጠው ነው ያዩት! ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር በደረጃ አወጣቻቸው። መኝታ ቤቴ ገብተው ግድግዳውን ቢነኩት፣ ቀለሙ ከነውሃው መዳፋቸው ላይ ቀረ። ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። «ሲኞራ፣ አፈርኩ» ብቻ አሉኝ።

ተሳስቻለሁ ብለው ጋዜጣ ላይ ጻፉ፤ ክልከላው ግን አልተነሣም። ጓደኞቻቸው ሣቁባቸው። እሳቸው ግድግዳውን ልይ እያሉ በየሳምንቱ ይመላለሱ ጀመር። የሚያዩት ግድግዳውን እንዳልሆነ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ። በ2002 ኪዳነወልድ ተብለው ተጠመቁ፤ ፀሐይወርቅን አገቡ፤ ሶፊያን ወለዱ። ሌላ ቤት መግዛት ሲችሉ እዚያው ብሎክ ገቡ። አዲሱን ቤት ያስቀረባችሁ ሰው አማቼ ሆኖ፣ ደረጃ ላይ ስታገኙኝ መሬት መሬት አይ ነበር። እሳቸውም ቀና ብለው አልሄዱም። የየቤታችሁን ሻጋታ በበረኪና ሲያጥቡ ኖሩ፤ አንዳንዶቻችሁ ሻይ እንኳ አላላችኋቸውም።

በሳንባ ሕመም ቆይተው ማርች 4 ቀን 2025 ዐረፉ። የገደላቸው ሻጋታው ነው የምትሉ አላችሁ፤ ሐኪሙ ሲጋራው ነው ብሏል።

ሆስፒታል ሳሉ፣ «ጎረቤቶቼ ይቅር ይሉኝ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። «እነሱኑ እጠይቅልዎታለሁ» አልኳቸው።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ቄሱ ፍትሐቱን ጨርሰዋል፤ የቀረው የእናንተ ነው። ሳጥኑ ከመውጣቱ በፊት፣ ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ ያላችሁ ሁሉ፣ በልባችሁ ሳይሆን ጮክ ብላችሁ፣ እግዚአብሔር ይፍታዎት በሏቸው። ማን እንዳላለ እሰማለሁ።