ስለ ቁጥር አንድ፦ ለክቡር የካሊዋንጊ ሰፈር ሊቀመንበር

ለክቡር ፓክ ሱዊግንዮ፣

እርስዎ፣ የተከበሩት ባለቤትዎ፣ በረንዳዎ ላይ የሚዘምሩት ወፎችዎና በተለይም ያ ስልክዎ እንደምን ከርማችኋል? እኛ ኢንተርኔቱ ሲፈቅድ እየመጣ፣ እርስዎ ሲፈቅዱ ደግሞ እየሄደብን፣ አለን። ይህን ደብዳቤ በስልክ መላክ ትቼ የጥበቃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩበትን ምክንያት ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ ስለሌለ በማስረዳት አላደክምዎትም።

ቅሬታን በቁጥር ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ሆኖም ቁጥር አንድ በእርስዎ የተያዘ በመሆኑ፣ ከሁለት እንድጀምር እንዲፈቅዱልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ። የስልክ ምልክት ወደዚህ ሸለቆ አይወርድም። ሰፈሩ አዋጥቶ ኮረብታው ላይ አንቴና ያቆመውና፣ ከተማ ኮምፒውተር ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁትን እኔን ያለ ደመወዝ ተጠሪ ያደረገው ለዚህ ነበር። እኔም ለየቤቱ የራሱን የአድራሻ ቁጥር ሰጠሁ፤ በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ሁለት መሣሪያ አንድ አድራሻ ሊጋራ አይችልምና። ቁጥር አንድን የሰጠሁት አዳራሹ ግድግዳ ላይ ለተሰቀለው ሳጥን፣ ለራውተሩ ነው። ከሰፈሩ የሚወጣው ቃል ሁሉ፣ የሚገባውም፣ በእሱ በኩል ያልፋል፤ በራችን ማለት ነው። ለእርስዎ በአክብሮት ሁለትን መደብኩ። ዝርዝሩን ያነበቡ ዕለት ያሉትን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።

«እኔ ሁለተኛ? አንደኛው ማን ሆኖ ነው?»

«ሳጥኑ ነው፣ ፓክ» አልኩ።

«ሳጥን ይቅደመኝ? ቤቴ ቁጥር አንድ፣ ወንበሬ ቁጥር አንድ፣ በየድግሱ ሩዙ መጀመሪያ የሚቀርበው ለኔ! ኧረ እባክህ ዋርሲቶ፣ ሰው ምን ይለኛል?»

ይህን ብለው በገዛ ጣትዎ ስልክዎ ላይ አንድን አስገቡ። በዚህ ዕድሜዎ ማንም ሳያሳይዎት ያንን ቅንብር ፈልገው ማግኘትዎን ዛሬም አደንቃለሁ።

ሦስተኛ። ምን እንደሚሆን ደጋግሜ አስረድቼ ነበር፤ ዛሬም፣ ድካም ቢሰማኝም፣ ልድገመው። የጎረቤታችን የቡ ካስሚ ስልክ ከተማ ላሉ ልጆቿ መልእክት ሊልክ ሲፈልግ መጀመሪያ «ቁጥር አንድ ማን ነው?» ብሎ ሰፈሩን ይጠይቃል። ሳጥኑ «እኔ» ይላል። የእርስዎም ስልክ፣ የባለቤቱ ነገር ሆኖበት፣ «እኔ» ይላል። የሷ ስልክ የዋህ ነው፤ መታወቂያ አይጠይቅም፣ የነገሩትን ያምናል። መልእክቱን ቆራርሶ፣ በእያንዳንዱ ቁራሽ ላይ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ጽፎ፣ ወደ እርስዎ ይልከዋል። የእርስዎ ስልክ ደግሞ ወዴት እንደሚያሳልፈው ስለማያውቅ ይጥለዋል። ቡ ካስሚ የአኩሪ አተር ቴምፔዋን እየጠበሰች «ሊቀመንበሩ ቤት ገቡ መሰለኝ፣ ስልኬ ደነዘዘ» ስትል ተሳስታ አታውቅም።

አራተኛ። እንግዲያው በሩን ወደ ሌላ ቁጥር ላዛውረውና አንድን ይያዙት ብዬ ለምኜዎት ነበር። የየቤቱን መሣሪያ መነካካት ስለሚያስፈልግ የሰፈሩ ስብሰባ ማጽደቅ አለበት፤ ስብሰባውን የሚጠሩት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት። «ከጾሙ በኋላ እናየዋለን» አሉኝ። ጾሙ ተጾመ፣ ኢዱም ተበላ፣ እኛም ጠበቅን። ስለ ትዕግሥት ላስተማሩን ትምህርት ከልብ አመሰግናለሁ።

አምስተኛ። ይህን ለመጻፍ እጄ እምቢ እያለኝ ነው። የልጄ የኢስቲኮማህ ኒካህ ቤቴ የታሰረ ዕለት እርስዎ የክብር ምስክር ነበሩ። ባለቤቴ ሩሚናህ ባሕር ማዶ፣ ታይቹንግ ከተማ ሆና የሰው አዛውንት ታስታምማለች፤ ለሠርጉ መምጣት አልተፈቀደላትም። ሥርዓቱን በስልኳ እንድታይ ያንን ጠዋት ብቻ ለምና ዕረፍት አገኘች። በአሠሪዋ ወጥ ቤት ውስጥ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ስልኳን ከሩዝ መቀቀያው ጋር አስደግፋ ተቀመጠች። እኔም ዋዜማውን እርስዎ ዘንድ መጥቼ ለአንድ ሰዓት ብቻ ስልክዎን እንዲያጠፉልኝ ለመንኩ። «ምን ነካህ ዋርሲቶ፣ የልጅህ ሠርግ እኮ የኔም ሠርግ ነው» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። አመንኩዎት። እንደ ቡ ካስሚ ስልክ አመንኩዎት።

ኮምፒውተሮች እንኳ ጨዋታ ከመጀመራቸው በፊት ሥርዓት አላቸው። አንዱ «ትሰማኛለህ?» ይላል፤ ሌላው «እሰማሃለሁ፣ አንተስ?» ይላል፤ ያኛው «እኔም እሰማሃለሁ» ብሎ ሳያረጋግጥ ወደ ቁም ነገር አይገቡም። እኔና ሩሚናህም እንዲሁ አደረግን። «ትሰሚናለሽ?» «እሰማችኋለሁ፣ እናንተስ?» «እንሰማሻለን።» ቃዲው ጉሮሮውን ጠረገ፣ እኔ የሙሽራውን የፋቱርን እጅ ጨበጥኩ። ይኼኔ ነው እርስዎ ተነሥተው ሥነ ሥርዓቱን በሰፈሩ ገጽ ላይ በቀጥታ ለማሳየት ስልክዎን ያበሩት። ለልጄ ክብር መሆኑን አውቃለሁ። የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።

የባለቤቴ ፊት፣ አፏን ከፍታ እንዳለች፣ ስልኬ ላይ ደረቀ። እኔ ተጠሪው፣ ምን እንደሆነ በዚያ ቤት ውስጥ ብቻዬን የማውቀው፣ ልነሣ አልቻልኩም፤ እጄ በሙሽራው እጅ ውስጥ ነው፣ ቃሉም በአንድ ትንፋሽ የሚባል ነው። ልጄን ዳርኩ። ፋቱር ተቀበለ። ቃዲው ወደ ምስክሮች ዞሮ ሲጠይቅ ከሁሉ በላይ የተሰማው የእርስዎ ድምፅ ነበር፦ «ሳህ! ጸንቷል!»

ከዚያ በኋላ ያለውን ቁጥር አልሰጠውም፤ ደክሞኛል። በኔትወርክ የጠፋ ደብዳቤ ተቀባዩ ጋ ካልደረሰ እንደገና ይላካል። ኒካህ ግን ለስልክ ተብሎ አይደገምም። ከሰዓት በኋላ፣ እርስዎ ጠግበው ወደ ቤትዎ ሲሄዱ፣ የሩሚናህ መልእክቶች ተራ በተራ ገቡ። «ትሰሙኛላችሁ?» «አቤት፣ ትሰሙኛላችሁ?» «ዋርሲቶ?» የመጨረሻው «ሳህ ተባለ?» የሚል ነበር። «ተባለ» ብዬ ጻፍኩላት። «ማን አለ? እንዴት ብሎ አለ?» አለችኝ። እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም።

ስለዚህ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። እሑድ ጠዋት ሩሚናህ ትደውላለች። ቤቴ ይምጡና ያንን ቃል፣ ያን ዕለት ባሉበት ድምፅ፣ አንድ ጊዜ ይበሉላት። ማን እንዳቋረጠው አልነገርኳትም፤ እርስዎንም በጣም ታከብራለች።

በየድግሱ አስቀድሞ የሚቀርብልዎ ሩዝ ሳይቀዘቅዝ፣ ወንበርዎም ሳይነቃነቅ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ከሁሉ በኋላ ያለሁት ታዛዥ ጎረቤትዎ፣

ዋርሲቶ፣ የካሊዋንጊ ኔትወርክ ተጠሪ

ማስታወሻ፦ እሑድ ሲመጡ ስልክዎን ለማጥፋት አይቸገሩ። ባለፈው የሰፈር ጽዳት ዕለት፣ እርስዎ በረንዳዎ ላይ ወፎችዎን ሲያዳምጡ፣ እኔና ቡ ካስሚ በየቤቱ ዞረን በሩን ወደ መጨረሻው ቁጥር አዛውረነዋል፤ ስብሰባ ይጠራ ያለ ሰው አልነበረም። ቁጥር አንድ እንግዲህ የእርስዎ ብቻ ነው። እዚያ ማንም አይፈልግዎትም።