በጭስ የሄደችው ነጥብ

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሥራው፣ አየሩ፣ ያቺ ነገረኛ አከራይሽ እንዴት ናቸው? ከሁሉ በላይ ጉንጭሽ እንዴት ነው? ሳቂብኝ ከፈለግሽ፤ ሰው ጤና ሲጠይቅ እኔ ጉንጭ እጠይቃለሁ። እኛ ደህና ነን። የእማዬ የእግር ቁስል እየጠገገ ነው። ጫማ ማድረግ ጀምራለች፤ ትእዛዟም እንደ ድሮው ተመልሷል።

የላክሽው ዕቃ ደርሶናል። «እማዬን ሆስፒታል በቀዝቃዛ ፕላዝማ እያከሟት አይደል? ይኸው የራሷ ይኑራት። እኔም ጉንጬ ላይ የነበረችውን ጥቁር ነጥብ ያጠፋሁት በዚሁ ነው» የሚለውን ማስታወሻሽን አንብቤ፣ ብዕር የመሰለችውን መሣሪያ ኪሴ ከተትኳት። ለእማዬ አላሳየኋትም። መቼም ታውቂኛለሽ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ባይ ነኝ።

ብየዳ ቤት ወስጄ አሮጌ የቆዳ ጓንቴ ላይ ሞከርኳት። ትር ትር አለች፣ ጨሰች፣ ቆዳው ላይ ጥቁር ጉድጓድ ተወች። ሃያ ዓመት ከብልጭታ ጋር የኖርኩ ሰው፣ የሚጨስ ነገር ቀዝቃዛ ነው ብትዪኝ እንዴት ልመንሽ?

በማግስቱ እማዬን ቁስሏን ለማሳጠብ ሆስፒታል ስወስዳት፣ መሣሪያሽን ለምታክማት ነርስ አሳየኋት። እንዳትጠቀሙባት ስትለኝ መጀመሪያ እሷንም ጠርጥሬ ነበር፤ ገበያቸው እንዳይቀርባቸው ነው የሚያስፈራሩን ብዬ። እሷ ግን የሆስፒታሉን መሣሪያ አብርታ ጣትህን አምጣ አለችኝ። እውነቴን ነው፣ ላብ በላብ ሆንኩ። ለካስ ለብ ያለ ነፋስ ብቻ ነው! ፕላዝማ የሚሉት ይህ ኤሌክትሪክ የነካው አየር ጀርም እንደሚገድልና ቁስሉን እንደሚያግዝ ነገረችኝ። ግን መሣሪያው ለዚሁ ተፈትሾ የተፈቀደ ሲሆን፣ ርቀቱና ደቂቃው ተለክቶ፣ በሠለጠነ እጅ ነው አለች። ያንቺዋ የምታቃጥል ናት፤ ቀዝቃዛ የሚለው ካርቶኗ ላይ ብቻ ነው።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ስልክ ደውዬ እጮህብሽ ነበር። ግን እማዬ ባለችበት በስልክ የማይወራ ነገር መጣ። ጉንጭሽ ላይ የነበረችውን ነጥብ በዚሁ እንዳጠፋሽ ስነግራት፣ ነርሷ እማዬ ወደማትሰማበት ጥግ ወስዳኝ፣ ከማጥፋትሽ በፊት ሐኪም አይቷት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላየም አልኳት። መጠኗ ተለውጦ ነበር ወይ ስትለኝ፣ አምና «እየሰፋች ነው መሰለኝ» ያልሽኝ ትዝ አለኝ። እየሰፋች የምትሄድ ነጥብ ካንሰር እንዳትሆን ተቆርጣ ላቦራቶሪ መታየት አለባት አለች። ካቃጠሏት ግን የሚመረመር ነገር አይቀርም፤ ከላይ የዳነች መስላ ከሥር ልትቀጥል ትችላለች። ከዚያ ተመልሳ የእማዬን ፋሻ መጠቅለል ያዘች።

አሁን አንቺንም ጠርጥሬሻለሁ። ባለፈው በስልክ ስንተያይ አንዱን ጉንጭሽን ብቻ አሳይተሽን ካሜራው ነው አልሽ። ካሜራው አይደለም። ጠባሳው አሳፍሮሽ ከሆነ እኔን አትፈሪኝ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ምንም ላይሆን ይችላል፣ ነርሷም አብዛኛው ነጥብ ጉዳት የለውም ብላለች። እኔ ግን ፈርቻለሁ እህቴ። ብቀልድም ፈርቻለሁ። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ሳትውዪ ሳታድሪ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ በምን እንዳጠፋሻትም ሳትደብቂ ንገሪው።

ነርሷ ሐኪሙ የነጥቧን የድሮ መልክ ቢያይ ይጠቅመዋል ስላለችኝ፣ ሳሎን ከተሰቀሉት ፎቶዎችሽ ሦስቱን ልኬልሻለሁ፦ የተመረቅሽበትን፣ የታናሻችንን ሠርግና ውጭ አገር የሄድሽበትን ቀን። በሦስቱም ያደረግሽው ያንኑ የጆሮ ጌጥ ስለሆነ፣ ነጥቧን ከእሱ ጋር እያነጻጸርኩ በብረት መለኪያዬ ለካኋት። ውጤቱን ከየፎቶው ጀርባ ጽፌዋለሁ። የጻፍኩት ለሐኪሙ ነው፤ አንቺ ብቻሽን ሆነሽ አታንብቢው።

ባለቤቴ በጣም ናፍቀሻታል። ትልቋ ልጄ በክፍሏ ሁለተኛ ወጥታ አኩርፋለች፤ አይዞሽ በያት። ዓይኗ የደከመው አክስታችን በድምፅሽ እንደምታውቅሽ ንገርልኝ ብላለች። ታናሻችን ከነሚስቱ ሰላም ብሎሻል።

እማዬ ጉንጭሽን አገላብጣ ትስምሻለች። ግድግዳው ባዶ መሆኑን አይታ ፎቶዎቹ የት ሄዱ ብትለኝ፣ መስታወታቸውን ላስቀይር ነው አልኳት። ለእሷ ስዋሽ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ የአሁኑ ግን ከበደኝ። እውነቱን እስክትልኪልኝ ድረስ በየቀኑ መዋሸቴ ነው።

ወንድምሽ በያጁ
ከብየዳ ቤቱ ጠረጴዛ፣ ማክሰኞ የካቲት ፲፩ ቀን