ስምንት ጣት ዝቅ ያለች መኪና

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

እንደ ሁልጊዜው ፊዚዮቴራፒ። ባለቤቴ ዳሌው ከተሰበረ አራት ወሩ። ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ የመኪናዋን እጀታ ያዘ። ልደግፈው ስል፣ «ተይኝ!» ያቺ ተራራ የምታህል መኪና... ጤነኛ እንኳ ተንጠላጥሎ ነው የሚወጣባት። በአራተኛው ሙከራ ወጣ። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ወደቀ። መኪናዋ ላይ ሲወጣ፣ ጎረቤት እያየ። ከልቡ በቀር የተጎዳ ነገር የለም። «ከእንግዲህ አልሄድም» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ካልሄደ እግሩ እንዲሁ ደርቆ ይቀራል ብላናለች ሐኪሟ። በትንሽ መኪና እንለውጥ እንዳንል፣ ይቺን ነዳጅ ጠጪ ማን ይገዛናል? ዝቅ ማድረግስ አይቻልም ይሆን?

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ሁለት ጋራዥ ሄድኩ። የመጀመሪያውን መካኒክ ሰፈሩ ሁሉ «ጣጣ የለውም» ነው የሚለው፤ ለሁሉም ነገር መልሱ ይኸው ስለሆነ። «እትዬ፣ ሞላውን በግራይንደር ቆረጥ! ስምንት ጣት ትወርዳለች። የአንድ ሰዓት ሥራ። ጣጣ የለውም።» የጠየቀኝም እዚህ ግባ የማይባል ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጎማው ሥር ተንበረከኩ። መኪናዋን የተሸከመውን ጥምዝምዝ ብረት፣ ሞላውን፣ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ልጄ፣ ይሄ ከተቆረጠ ልኩን ያጣል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ከመቀመጫው ውልቅ ይላል። ከተጋጩ መኪኖች አጭር ሞላ ልፈልግልሽ። ዋጋው አይጎዳሽም፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል።»

«ስንት ጣት ይወርዳል?»

«ሦስት። ቢበዛ አራት።»

ለባለቤቴ የሁለቱንም ነገርኩት። የሽማግሌውን እንጠብቅ አልኩት።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

አልሄደም።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ከሥራ ስመለስ መኪናዋ ደጅ ላይ ቁጢጥ ብላለች! «ሽማግሌው ሞላ አገኙ፤ ሰው ልከው አስወሰዷት» አለኝ። በሩን ከፍቶ እንደ ወንበር ዝም ብሎ ተቀመጠባት። ራሱ! ከአራት ወር በኋላ ጥርሱን አየሁት።

ከጎማው በላይ እጄን ሰደድኩ። ድሮ ክንዴ ይገባ ነበር፤ አሁን መዳፌም አይገባም። ይሄ ሦስት ጣት ነው? አልጠየቅኩም። ለምን አልጠየቅኩም? ...ያን ሳቅ እንዳላጠፋው።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ከፊዚዮቴራፒ ስንመለስ ልጃችንን ከትምህርት ቤት ይዘናል። ቁልቁለቱ ላይ የኋላው ጎማ ጉድጓድ ገባ። ጓ! መኪናዋ በአንድ ጎኗ ዘጭ አለች። መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ታገለኝ። ፊት ለፊቴ የጭነት መኪና... እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም። ዳር ይዤ ስቆም የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ሞላው ወልቆ አስፋልት ላይ ተጋድሟል። «እማዬ፣ ደረስን?» አለች ልጄ። ባለቤቴ አመድ መስሏል።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ሞላውን በጨርቅ ጠቅልዬ ሽማግሌው ዘንድ። ጠረጴዛቸው ላይ ጣልኩት። «ቤተሰቤን ሊፈጁብኝ ነበር እኮ!»

አገላብጠው አዩት። የተቆረጠው ጫፍ ያብረቀርቃል።

«ልጄ፣ እኔ መኪናሽን ነክቼ አላውቅም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ጭራሽ መኪናዋን ራሳቸው አስጎትተው ወሰዱልኝ።

ቤት ገባሁ። «ማን ነው የቆረጠው?»

አንገቱን ደፋ። «ጣጣ የለውም» አለ። ሰውየውን መጥራቱ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

«ሽማግሌው ያሉትን ነግሬህ አልነበር?»

«ነግረሽኛል።»

«ልጅህን ከኋላ አስቀምጠህ?»

«...እንደ ዕቃ ስጫን ሰው ሲያየኝ መረረኝ።»

አንጀቴን በላው። ግን አልማርኩትም።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

አንነጋገርም። «ጨው አቀብዪኝ» እንኳ በልጅቷ በኩል ሆኗል።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ከገበያ ስመለስ ባለቤቴ የለም። ክራንቹም የለም። «አባዬ ታክሲ ጠርቶ ሄደ» አለች ልጄ። ወዴት? ማን አገዘው? መኪናዋ ወዳለችበት ወደ ሽማግሌው ጋራዥ ስሮጥ እዚያ አገኘሁት። መኪናዋ በክሪክ ተነስታለች፣ እሱ ወንበር ላይ አጠገቧ ተተክሏል። «ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነው» አሉኝ ሽማግሌው። «እያንዳንዱ ብሎን ሲጠብቅ በዓይኔ ካላየሁ አለ። ራሴን አዞረው ይሄ ሰውዬ!»

እሱ ቀና ብሎ አላየኝም።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ፊዚዮቴራፒ። መኪናዋ የወረደችው ሦስት ጣት ብቻ ነው። ሞከረ። አልቻለም። ጎረቤቶች በረንዳ ላይ ናቸው፣ ሁሉም።

«ሽማግሌው ከዚህም ያጠረ ሞላ ነበራቸው» አለኝ፤ ከአሥር ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ። «መንገድ ላይ ትንሽ ያወዛውዛል አሉኝ።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«የምትነዳው እሷ ናት አልኳቸው።»

ከዚያ ክንዱን ዘረጋልኝ። እጆቼን ብብቱ ሥር አስገብቼ ወደ ላይ ገፋሁት። ከበደኝ። እሱም እኔም አቃሰትን። ወጣ።

ይቅር ብዬዋለሁ? እንጃ... ዞሬ ገባሁና ሞተሩን አስነሳሁ።