ምራቂ የሌለው ጀልባ

ደምሴ ሆዴ፣

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም፤ አንተ ካለህበት መልስ እንደማይመጣ ዘግይቼም ቢሆን ገብቶኛል። ደህና ነኝ ብዬም አልዋሽህም። ዘንድሮ ውሸት ከብዶኛል፣ የምጽፍልህም በእሱ የተነሳ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሱቄ እዚያው ነው፤ እኔም እንደ ድሮዬ ባልዲና ጀሪካን መሐል ተቀምጬ ስጮህ እውላለሁ። ፊት ለፊታችን የነበረው የቆርቆሮ ሱቅ ፈርሶ ፎቅ ሆኗል። አርብ አርብ ግን ከአንዋር የተረፈው ሰጋጅ በራችን ላይ ምንጣፉን ሲያነጥፍ፣ አንተ ታደርግ እንደነበረው ዕቃውን ወደ ውስጥ ሰብስቤ ቦታ እለቃለሁ። ልጅህ ብሩክ የውሃ ፓምፕ ሱቅህን ይዟል። እንዳንተ ለደንበኛ ጥርሱን አያሳይም እንጂ ሥራውን ያውቃል። እስካሁን አላገባም፤ ስለዚህ ጉዳይ አፌን ዘግቻለሁ፣ ብታምነኝም ባታምነኝም። እህቱ ሕይወት ሁለተኛ ልጇን ወለደች፣ ወንድ ነው። አገጩ ቁርጥ ያንተ።

አሁን ደግሞ ጀልባ ልንገዛ ነው። ያንተን የላሜራ ጀልባ የሚተካ፣ ተለቅ ያለ፣ ሞተሩም የበረታ። ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣው እሱ ነው።

መሳለሚያ በያጁ ዘንድ ስታሠራት ሰፈሩ እንዴት እንደሳቀብህ ትዝ ይልሃል? ሐይቅ በሌለበት ጀልባ! ኖኅ ብለው ስም አወጡልህ፤ ክረምቱ ምን ነግሮህ ነው እያሉ መድረሻ አሳጡህ። አንተ ምን ገዶህ። ዝዋይ ሐይቅ መሐል ደሴት ላይ የተወለድክ ሰው፣ እናቴን ለማየት የሰው ጀልባ ደጅ አልጠናም ብለህ ነበር። በጭነት መኪና ተጭና ስትወጣ ሚኒባሶቹ ጡሩምባ እየነፉ ሸኟት። በያጁ በቀይ ቀለም ከውስጧ ስድስት ሰው ብሎ ጽፎባት ነበር። ያንን ጽሑፍ አንድም ቀን አክብረኸው አታውቅም።

ምን ታደርግ፣ የመርካቶ ሰው ነሃ። ለመርካቶ ሰው ምራቂ የሌለው ገበያ ገበያ አይደለም። መጀመሪያ የተያየነው እኮ በዚሁ ነው። ስድስት ጀሪካን ገዝተህ መርቂልኝ አልከኝ። ጀሪካን ይመረቃል እንዴ ብዬ ብቆጣህ፣ እንግዲያው ራስሽን መርቂልኝ አልክ። አይ አፍህ! ሦስት ቀን ሙሉ በሳቅ ፈረስኩ። ከዚያ በኋላ የሐይቁ ዳር ላይ በቆምን ቁጥር፣ ስድስታችን ሞልተን ተቀምጠን እንኳ አንድ ሰው እጁን ካነሳ፣ ይቺማ ምራቂ ናት ብለህ ታስጠጋዋለህ። እኔ አንዋር ጀርባ ያደግሁት፣ ከክረምት ጎርፍ ሌላ ውሃ የማላውቀው፣ ክንድህን ቆንጥጬ ይዤ ማርያም ማርያም እላለሁ። አንተ ታፏጫለህ። ውሃው ልጅነትህን ያውቅ ነበርና ምንም ሆነን አናውቅም።

ባለፈው ኅዳር ጽዮን ግን አንተ አልነበርክም። ሕይወት አራስ ስለነበረች ትልቋን ልጇን ሶሊን ለእኔ አደራ ሰጥታኝ ከብሩክ ጋር ለንግሡ ተሻገርን። በማግስቱ ስንመለስ እኔ፣ ብሩክ፣ ሶሊና ሦስት ዘመዶችህ ስድስት ሞልተናል። አንዲት ሴትዮ ኬሻዋን ተሸክማ ከዳር ጮኸች፤ ከተማ አድርሱኝ አለች። ብሩክ ሰዓቱ ሄዷል፣ ነፋሱ ሊነሳ ነው፣ አይሆንም እማዬ አለኝ። እኔ ነኝ ያስገባኋት፣ ደምሴ። አባትህ ቢኖር ይመርቅ ነበር አልኩት። ልጁ አንተን ስጠራበት ምን ይመልስልኛል? እጇን ይዞ አስገባት።

ከግማሽ መንገድ በኋላ ነፋሱ ተነሳ። ውሃው በጎን እየዘለለ ሲገባ ሴትዮዋ ደንግጣ ቆመች፣ እኔም ቆምኩ፣ ሶሊ ከጭኔ ተንሸራታ ውሃው ውስጥ ገባች። ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ። ብሩክ ከነልብሱ ዘሎ ነው ያወጣት። እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ? ጮህኩ፣ ሌላ ምንም አላደረግሁም።

እግዚአብሔር ይመስገን ተርፋለች። ግን ፊቷን ለማጠብ ውሃ ሲቀርብላት እስካሁን ትንቀጠቀጣለች።

ሕይወት ምን ሆናችሁ ብላ ስትጠይቀኝ፣ ጀልባዋ አርጅታ ነው፣ ጠበበችን አልኩ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባል የለ፤ እንዲያ ነው የከዳኝ። እሷ ግን ጀልባ አልከሰሰችም፤ የነዳው ማን ነው አለች። ወንድሟን። በጎርፍ ቀን መኪና የማይነዳ ሰው ልጄን በማዕበል ይዟት ወጣ ብላ አሥር ወር ሙሉ ቃል አልተነፈሰችለትም። በበዓል እንኳ እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች። ብሩክም እማዬ ናት ብሎ አልከሰሰኝም። ደጋግሜ አየሁት፣ ደጋግሞ አየኝ፣ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ወደ ፓምፑ ይመለሳል። ስንት ጊዜ ልናገር ብዬ ስልክ አንስቼ የገንፎ ዱቄት ላክሁልሽ ብዬ ዘጋሁ መሰለህ።

እንግዲህ ትልቅ ጀልባ ይገዛ የሚለው ሐሳብ የበቀለው ከእኔ ውሸት ላይ ነው። ጠበበችን ብያለሁና ሰፊ መፈለግ ግድ ሆነ። ሕይወት ልጆቼ ያንን ሐይቅ እንደገና የሚያዩ ከሆነ ጀልባውን እኔ አይቼ ነው አለች። አማርጠን አማርጠን ሦስት ቀረ። በያጃችን ያንተኑ ጀልባ ቆርጬ በአንድ ሜትር ላስረዝማት አለ፤ ሕይወት ልትሰማው አልፈለገችም። ስምንት ሰው የሚይዝ አዲስ የፋይበር ጀልባ አለ፣ ሞተሩ መካከለኛ ነው። ሦስተኛው አሥር ሰው የሚጭን፣ ያገለገለ ግን ግርማ ሞገስ ያለው፣ ሞተሩ ባለ ስድሳ ፈረስ ጉልበት። እኔ ልቤ የሄደው ወደ አሥሩ ነው። ሰፊ ነገር ውሸቴን የሚሸፍንልኝ መስሎኝ ይሆናል።

ይህን ባለ አሥር ሰው ጀልባ ለማየት መሳለሚያ አንድ ግቢ ተሰበሰብን። ጀልባው ድንጋይ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ጫማዬን አውልቄ ወጣሁና መሐሉ ተቀመጥኩ፤ ከአጥር ውጪ የሚኒባስ ረዳት አውቶቡስ ተራ አውቶቡስ ተራ ይላል፣ ወዛደሮቹ ቆመው እትዬ አስካለ ወደየት ናቸው እያሉ ይስቃሉ። ሕይወት በጀልባው አፍንጫ በኩል፣ ብሩክ በሞተሩ በኩል፣ እኔ መሐል። ባለ ጀልባው ዋጋውን አልቀንስም ብሎ ድርቅ አለ። እኔም የለመደብኝ ነውና፣ በል እንግዲያው መርቅልኝ አልኩት። ገመድ ወይ የነዳጅ ጀሪካን ይጨምርልኛል ብዬ ነው። እሱ የጀልባውን ጎን መታ መታ አድርጎ፣ ለእርስዎማ እመርቃለሁ እትዬ፣ አሥር ነው ይባላል እንጂ አሥራ አንድም ይጭናል፣ አንዷ ምራቂ ናት አለኝ።

ደምሴ፣ ያንተን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ደረቅ መሬት ላይ ተቀምጬ እግሬ ውሃ ውስጥ የገባ ያህል ቀዘቀዘኝ። አሥርም ቢሆን ሃያም ቢሆን እኔ አሥራ አንደኛዋን ጠርቼ የማስገባ ሰው ነኝ። የጠበበችው ጀልባዋ አልነበረችም።

እዚያው እንደተቀመጥኩ ተናገርኩ። ባለ ጀልባው እየሰማ፣ ወዛደሮቹ እየሰሙ። ሰባተኛዋን ያስገባኋት እኔ ነኝ፣ ወንድምሽ አይሆንም ብሎኝ ነበር፣ በሞተው አባቱ ስም አስገድጄው ነው አልኳት። ሕይወት እኔን አላየችኝም። ብሩክን ነው ያየችው፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ብሩክ እጄን ይዞ አወረደኝ፣ ጫማዬንም ያጠለቀልኝ እሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ደወለችለት። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም፤ ብቻ ልጁ ከስልኩ በኋላ ዓይኑ ቀልቶ፣ ምሳውን ጠርጎ በላ። እህትና ወንድም ታርቀዋል፤ ደስ ይበልህ። እኔን ግን አላናገረችኝም። አሥር ወር ወንድሟ የተሸከመውን አሁን እኔ ተሸክሜዋለሁ፣ ይገባኛል። ይገባኛል ብልም ማታ ማታ በር ሲንኳኳ እሷ እየመሰለችኝ እደነግጣለሁ።

የገዛነው ስምንት የሚይዘውን ነው። እኛ ከሕይወት ባልና ከእናትህ ጋር ሰባት ነን፤ ጎኑ ላይ በትልቁ ሰባት ሰው፣ አይመረቅም ብዬ አስጻፍኩበት። ጉድ ፈላ! እናትህ በስልክ ሰምታ፣ አይመረቅም ብሎ የሚጽፍ የተረገመ ነው፣ ያለ ምርቃት ውሃ ላይ ይወጣል ወይ ብላ ወረደችብን። ብሩክ የምራቂውን ነገር ሲያስረዳት ግን፣ እንግዲያው እኔ ከዳር ቆሜ እመርቃችኋለሁ፣ የእኔ ምርቃት አይከብድም አለች። ያንተን ጀልባ አልሸጥናትም። ደሴቱ ዳር፣ እናትህ ደጅ ተገልብጣ ትቀመጣለች፤ ጥላ ሥር ተቀምጬባት እውላለሁ ብላለች።

ትናንት ሕይወት ለብሩክ ስለ ኅዳሩ ጉዞ መልእክት ልካለች። እንመጣለን፣ የሶሊን ቦታ ያዝላት፣ ከእማዬ ጎን ግን አይሁን ብላለች። ብሩክ ሊደብቀኝ ፈልጎ ነበር፣ ከፊቱ አነበብኩትና አምጣው አልኩት። አንብቤ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወጥቼ ትክክል ናት አልኩት።

ስለዚህ ሆዴ፣ ለኅዳር ከጎኔ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ልጅቷ እስክትመለስበት ድረስ ማንም አይቀመጥበትም፣ ከዳር እየጮኸ የሚለምነኝ ቢኖርም እንኳ። አንተ ግን ና። ስምህን ማስገደጃ አድርጌ ዳግመኛ አልጠራውም፤ በውሃው መሐል ስንደርስ ቀስ ብዬ፣ ለራሴ ብቻ እጠራሃለሁ። ምራቂዬ አንተ ነህ፣ አንተ አትከብድም።

ያንተው አስካለ