ምንም ያልጎደላት መኪና ስለጎደላት ካርቡሬተር

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ ይሁን እያልኩ፣ ውድ ጊዜዎን ስለምሻማ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሞተር ስፈታና ስገጥም የኖርኩ መካኒክ ነኝ፤ ዛሬ የምጽፍልዎ ግን እናቱን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት የሚያመላልስ ልጅ ሆኜ ነው።

፩. የምንመላለስባትን መኪና ከመንገድ ስላስወጡልኝ አመሰግናለሁ። ባለፈው ወር መርማሪዎ ኮፈኑን ከፍተው ካርቡሬተር ፈልገው አጡ። ካርቡሬተር የድሮ ሞተሮች ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉበት ዕቃ እንደሆነ፣ የእኛዋ ግን በኢንጀክተር እንደምትሠራ በትሕትና ባስረዳቸው፣ «ቅጹ ላይ ያለው ነገር መኪናው ላይ ከሌለ፣ መኪናው ጎደሎ ነው» ብለውኝ ታርጋዋን ፈቱ።

፪. አሮጌ ፓምፕ፣ ፊልትሮና ኢንጀክተር በካርቶን ይዤ ቢሮዎ ድረስ ስመጣ ስለሰጡኝ ሦስት ደቂቃም ባለውለታዎ ነኝ። ታንከሩ ውስጥ ያለው ፓምፕ ቤንዚኑን እንደሚገፋ፣ ፊልትሮው ቆሻሻውን እንደሚያስቀር፣ ሴንሰሮቹ የገባውን አየርና የሞተሩን ሙቀት ለኮምፒውተሩ እንደሚነግሩ፣ ኮምፒውተሩም እያንዳንዱ ኢንጀክተር መቼና ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭ እንደሚወስን ዘርዝሬ ነበር። እዚያ ውስጥ የበታቹን ሳይሰማ የሚያዝ አካል የለም፤ ነገሩ እንግዳ የሆነብዎ ምናልባት ለዚህ ይሆናል። እርስዎም ዓይንዎን ከስልክዎ ሳያነሱ፣ ካርቶኑ ምንጣፉን እንዳያቆሽሽ አሳሰቡኝ።

፫. በማመልከቻዬ ግርጌ «ካርቡሬተር አሟልተው ይቅረቡ» ብለው በገዛ እጅዎ ስለጻፉልኝም ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ያ ጽሑፍ ከክፍል ክፍል ሲዞር እናቴ በሁለት አውቶቡስ ተጋፍታ ትሄድ ነበር። ሁለት ጊዜ መሄድ አቅቷት እጥበቱ አመለጣት፤ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት። «ልጄ፣ የሰው መኪና ሁሉ ስትጠግን የእኛዋ ምን ብትሆን ነው ያቃተህ?» ስትለኝ፣ ምንም አልሆነችም ብዬ ለመመለስ አፈርኩ። ያን ቀን እርስዎን ጠላሁዎት፤ አልደብቅዎትም።

በመጨረሻም ትእዛዝዎን ፈጸምኩ። ከቁርጥራጭ ብረት ሻጭ የዛገ የጭነት መኪና ካርቡሬተር አምጥቼ ከሞተሩ ጎን በሽቦ አሰርኩት። ከምንም ቧንቧ አልተገናኘም፤ ጠብታ ቤንዚንም አይነካውም። ታርጋ የላትምና ጤነኛዋን መኪና በሌላ መኪና አስጎትቼ ግቢዎ አቀረብኳት። መርማሪዎ በባትሪ አብርተው አዩት፣ «አለ» በሚለው ላይ ምልክት አደረጉ፣ «ብቁ» የሚል ማኅተምም መቱልኝ። ፍሬኑን የነካው ሰው አልነበረም።

ከማይጓደል አክብሮትና ከማይበርድ ንዴት ጋር፣ እጁ ከግራሶ ያልጸዳው ታዛዥዎ፣

መካኒኩ

ማስታወሻ፦ ካርቡሬተሩን ፈትቼ በጋዜጣ ጠቅልዬ ለጸሐፊዎ ሰጥቻለሁ። ከእኔ ቀጥሎ እንዲህ ዓይነት ጎደሎ መኪና ይዞ ለሚመጣ ሰው ከነሽቦው ያውሱልኝ፤ እሱም ቤት የምትጠብቀው እናት ልትኖረው ትችላለች።